የእንግዳ ዕቃ

አንድ ዕቃ ጠባቂ ነበረ። ቁልፉን እዚያው መደቡ ላይ አስቀምጪውና አረፍ በይ፤ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። ለትምህርት ቤቱ የተላከው ዕቃ ልጆች እጅ ገብቶ እንዳይበላሽ የት እናስቀምጠው፣ ማንስ ይጠብቀው ብለሽኛል። ርዕሰ መምህርት ሆነሽ ከተሾምሽ ገና መንፈቅ አልሞላሽም፣ ጥያቄሽ ግን የሽማግሌ ጥያቄ ነው። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ የጠመኔ ብናኝ ስውጥ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ባጭሩ መመለስ አልችልበትም። ስለዚህ ስለ ዕቃ ጠባቂው ልንገርሽ።

ሰውየው የሚኖርበት መንደር ተራራ ጫፍ ላይ የተቀመጠ፣ ጉም የማይለየው መንደር ነበር። ጉሙ ጧት ከገደሉ ሥር ይነሣል፣ አጥሩን ያልፋል፣ በሩን ክፍት ካገኘው ቤት ይገባል። ሰው ጎረቤቱን የሚለየው በሳሉ ነው። እንዲህ ባለ አገር ያደገን ልጅ ዓለም የት ላይ ታልቃለች ብትዪው፣ ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ ነው ይልሻል፤ ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ ምንም አይታየውማ። ትምህርት ቤቱም እዚያው ጉም ውስጥ ነበር። የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ደወል የሆነ አሮጌ የመኪና ቸርኬ፣ ቀለሙ ለቆ ግራጫ የሆነ ሰሌዳ። መምህሩ በነጭ ጠመኔ ግራጫው ላይ ሲጽፍ ከኋላ የተቀመጡት ልጆች የሚያዩት ጉም ላይ የተጻፈ ጉም ነው። አንገታቸውን አስግገው አስግገው ሲሰለቻቸው ይተዉታል።

ዕቃ ጠባቂው የትምህርት ቤቱን ዕቃ ቤት የሚይዝ፣ በመንደሩ የታመነ ሰው ነው። የዕድሩንም ዕቃ የሚይዘው እሱ ነበር፤ ድስቱን፣ ሳህኑን፣ ድንኳኑን ለለቅሶ ያወጣል፣ ከለቅሶ ይመልሳል፣ አንዲት ጭልፋ ጠፍታበት አታውቅም። ሐዘንተኛው አልቅሶ ሳይጨርስ ሳህን ሲለቅም የሚያዩት ሰዎች፣ «ይሄ ሰው በራሱ ለቅሶም ከሬሳ ሣጥኑ ተነሥቶ ሳህን ይሰበስባል» እያሉ ያሙታል። እሱ አይከፋውም። በዚህ ዓለም የሚፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አደራ በላ መባል።

ከዚያ መንደር በልጅነቱ ወጥቶ ከተማ የከበረ አንድ ነጋዴም ነበረ። ይህ ነጋዴ አንድ ዓመት ክረምቱ ሲወጣ በጭነት መኪና ትልቅ ሣጥን ላከ። ሣጥኑ ሲከፈት መንደርተኛው ሁሉ ከቦ ቆሟል። ካርታ ወጣ፤ ባለሥዕል የተረት መጻሕፍት ወጡ፤ የሥዕል ከለር ወጣ፤ አጉሊ መነጽር ወጣ፤ ከእንጨት ተቀርጸው የለሰለሱ ፊደላት በከረጢት ሙሉ ወጡ። በመጨረሻ ሉሏ ወጣች፤ መሬትን በሙሉ አንዲት ኳስ ላይ ስለው በእግር ያቆሟት፣ በጣት ብትነኪያት የምትዞር። ሰዉ ሰማያዊነቷን ለማየት ተጋፋ። አንዲት አሮጊት፣ «ይሄ ሁሉ ውሃ ነው? ታዲያ እኛን ምንጭ ፍለጋ ምን ያንከራትተናል?» አሉ።

ነጋዴው ከሣጥኑ ጋር መልእክት ልኮ ነበር። «አደራ፣ የልጆቹ ነው» የሚል። ከዚያ መልእክት ዕቃ ጠባቂው ጆሮ ውስጥ የቀረችው የመጀመሪያዋ ቃል ናት።

ርዕሰ መምህሩም፣ የወላጅ ኮሚቴውም፣ ሁሉም ተስማሙ። እንዲህ ያለ ዕቃ ይቆለፍበት፣ እንግዳ ሲመጣ ይውጣ ተባለ። አትሳቂ። እናትሽ ቡፌ ውስጥ አንቺ ጠጥተሽበት የማታውቂው ብርጭቆ የለም? ባለፈው በዓል ስመጣ ለእኔ አውጥታ ቀድታልኝ፣ ገና ሳላስቀምጠው ከእጄ ተቀብላ አጥባ የቆለፈችበት? የእኛ ሰው እንዲህ ነው፤ የወደደውን ነገር ለራሱ አያደርገውም፣ ለማያውቀው እንግዳ ያስቀምጥለታል። ደግነትም አለበት፣ ሞኝነትም አለበት፤ የትኛው እንደሚበልጥ እኔም እስከዛሬ አልለየሁትም።

የዕቃ ጠባቂውም እናት ከንፈራቸው ወርቅ የተቀባ ብርጭቆዎች ነበሯት። በነጠላ ቁራጭ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታኖራቸዋለች፤ በዓል ሲመጣ ታወጣና ወልውላ መልሳ ትጠቀልላቸዋለች። እሷ ውሃ የምትጠጣው በጣሳ ነው። ስትሞት ብርጭቆዎቹ ወጡና ለቅሶ ደራሹ ጠጣባቸው። ያን ጊዜ እሱ ልጅ ነበር። ሲያያቸው ማማራቸውን እንጂ ሌላ ነገር አላሰበም።

እንግዲህ እንግዳ ሲመጣ ዕቃው ይወጣል፤ ልጆቹ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ያያሉ፤ እንግዳው አጨብጭቦ ይሄዳል፤ ዕቃው ይመለሳል። በሌላው ቀን ሉሏን የሚያያት ዕቃ ጠባቂው ብቻ ነው። ምሳውን በልቶ ዕቃ ቤቱን ይከፍታል፣ የለበሰችውን ላስቲክ ይገልጣል፣ በጣቱ ጫፍ ይነካታል። ትዞራለች። በመስኮቷ በሚገባው የጉም ብርሃን ባሕሩ የሚነቃነቅ ይመስለዋል። በእንቅልፍና በንቃት መካከል ሆኖ በማያውቀው ባሕር ዳር ይሄዳል፤ ውሃው ቁርጭምጭሚቱን ይልሰዋል፣ ከሩቅ በማይገባው ቋንቋ የሚዘፍን ሰው አለ፣ ጉም የሚባል ነገር የለም። ከዚያ ቸርኬው ይመታል፣ ሰውየውም ብድግ ብሎ ላስቲኩን ያለብሳታል። ወዷት ነው የቆለፈባት፣ ክፋት አልነበረበትም።

ይህ ሰው ትርንጎ የምትባል የልጅ ልጅ ነበረችው። እናቷ ስለሞተችባት ያሳደጋት እሱ ነው። ትርንጎ ከአፏ ቃል የማይወጣ ልጅ ናት፤ ጣቷ ግን ሥራ አይፈታም። ጎረቤት አንድ ጊዜ ያሳየቻትን የሙዳይ ስፌት ዓይኗን ጨፍና ትጨርሰዋለች። ክፍል ስትገባ ግን ከኋላ ተቀምጣ ያን ግራጫ ሰሌዳ ታያለች፣ ፊደል የሚባል ነገር አልገባ አላት። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ደክሞት ነበር። «ይህቺ ልጅ ጭንቅላቷ አይቀበልም» አለ።

ነገሩ አክስቷ ጆሮ ደረሰ። አክስቷ የዕቃ ጠባቂው ልጅ ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ከተማ በሰው ቤት አብሳይ ናት። ለገና መጣችና፣ «አባዬ፣ ትምህርቱ ካልገባት እዚህ ምን ትሠራለች? እኔ ያለሁበት ሰፈር ሕፃን የምትይዝላቸው ይፈልጋሉ፤ ልውሰዳት» አለችው። ዕቃ ጠባቂው የአክስቲቱን እጅ አየ። በሰው ቤት ዘይት የተቃጠለችው ጠባሳ ከአውራ ጣቷ እስከ ክንዷ ይወርዳል። እሷንም በትርንጎ ዕድሜ የላካት እሱ ራሱ ነበር።

«እስከ ፋሲካ ታገሺኝ» አላት። «እስከ ፋሲካ ማንበብ ካልቻለች ውሰጃት።»

አክስቲቱም እሺ ብላ ሄደች። ወሩ አለፈ፣ ሁለተኛውም ገባ፤ ፊደል ግን ንክች አላለም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አያትና የልጅ ልጅ የዕድሩን ድስት በአመድ እየፈተጉ ሳለ፣ ያቺ የማትናገር ልጅ፣ «አባባ፣ ይሄ ድስት ለምንድን ነው የጠቆረው?» አለችው።

«ሠርቶ ነዋ» አላት። «እሳት ላይ ሲወጣ ሲወርድ ኖሮ።»

«የሣጥኑ ዕቃስ መቼ ነው የሚሠራው?»

«አርፈሽ ፈትጊ። እሱ የእንግዳ ዕቃ ነው።»

አረፈች። እሱ ግን ከዚያ በኋላ እጁ ድስቱን ይፈትጋል እንጂ ልቡ እዚያ አልነበረም።

በማግስቱ ምሳውን በልቶ እንደ ልማዱ ዕቃ ቤት ገባ። ሉሏን አዞራትና እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። በሕልሙ ጉሙ በበሩ ሥር ሾልኮ ገባ፣ ወለሉን ሞላው። ሉሏ ማንም ሳይነካት ትዞራለች፤ ከሰማያዊዋም ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ከጉሙ ውስጥ እናቱ ብቅ አለች። ስትሞት የነበረችውን አይደለም፤ እሱን በምታዝልበት ዕድሜዋ ነበረች።

«ልጄ፣ ውሃ ጠማኝ» አለችው።

ብድግ አለ። መደርደሪያው ላይ የእሷ ብርጭቆዎች ተሰልፈዋል፣ ወርቃቸው ያበራል። እጁን ሰደደና መለሰው። በጣሳ ቀድቶ ሰጣት። ጣሳውን አየችው፣ አልተቀበለችውም። «በእሱማ ስጠጣ ኖሬያለሁ» አለችው።

«እነዚያ የእንግዳ ናቸው፣ እማዬ።»

አልተቆጣችም። እንዲያውም ፈገግ አለች። «እኔስ መቼ ነው እንግዳ የምሆነው?» አለችው። ዞር ብላም ወደ ጉሙ መሄድ ጀመረች። ከኋላዋ ትርንጎ የእናቱን ነጠላ ጫፍ ይዛ ስትከተል አየ። ሊይዛት እጁን ሲሰድ ሁለቱም ጉሙ ውስጥ ጠፉ።

ሲነቃ ፊቱ በእንባ ርሷል። ቸርኬው ተመትቶ ልጆቹ ክፍል እየገቡ ነው። ሰውየው ላስቲኩን ከሉሏ ላይ ገፍፎ ጣለው። ሉሏን በአንድ ብብቱ፣ የፊደሉን ከረጢት በሌላው ይዞ ጉሙን አቋርጦ ሄደ። ርዕሰ መምህሩ በረንዳው ላይ አየውና ደነገጠ።

«እንግዳ መጣ እንዴ? ምነው ሳይነገረኝ?»

«መጥተዋል» አለ ዕቃ ጠባቂው።

«የታሉ?»

«ቁጭ ብለዋል» አለና ወደ ክፍሉ በአገጩ አሳየው።

ርዕሰ መምህሩ ወደ ክፍሉ ተመለከተ። «ቢሰበር፣ ቢጠፋ፣ ተጠያቂው አንተ ነህ» አለው።

«በእኔ ይሁን» አለ። ጀግና ሆኖ እንዳይመስልሽ፤ አደራ በላ መባልን እንደፈራ ነው። ገብቶ ከኋላ ድረስ ሄደና ሉሏን ትርንጎ ጭን ላይ አኖራት። ከረጢቱን ዴስኳ ላይ ዘረገፈው።

ከዚያ በኋላ በዚያ ክፍል የሆነውን ብነግርሽ እውነት አይመስልሽም። ጉሙ እንደ ድሮው ነው፣ አላነሰም። ልጆቹ ግን ጉሙን ቀይ አድርገው ይስሉት ጀመር፣ ብርቱካናማ አድርገው ይስሉት ጀመር። አንዱ በአጉሊ መነጽር ጉንዳን አየና ጮኾ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ እስኪመሽ ከቤት አልወጣ ብሎ እናቱን አስቸገረ። ሌሎቹ ሉሏን ከበው ተራ ይጠብቃሉ። መምህሩ «እኛ ያለነው እዚህ ነው» ብሎ ያሳያቸዋል፤ እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ ጣቱን እዚያች ቦታ ላይ ያሳርፍና ከዚያ ተነሥቶ ወደፈለገበት ይሄዳል። ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ መሬት እንዳለ ያን ጊዜ ነው ያወቁት። መምህሩም ድካሙ የት እንደገባ እንጃለት፣ ድምፁ ከሩቅ ይሰማ ጀመር።

ትርንጎ ፊደላቱን በጣቷ ዳሰሰች። እግራቸውን፣ ወገባቸውን፣ ቀለበታቸውን። በጣቷ የገባ ነገር ከእሷ እንደማይወጣ ነግሬሻለሁ። ሳምንታት ሳይቆዩ ዓይኗን ጨፍና ከረጢቱ ውስጥ እጇን ትሰዳለች፣ የነካችውን ሳታወጣው ስሙን ትጠራለች። ፊደል ከፊደል ገጠመች፣ ቃል ሆነ። ቃል ከቃል ገጠመች። አያቷ በመስኮት ቆሞ ያያታል፤ ጉንጩን በጋቢው ጫፍ ይጠርጋል።

ዕቃው ግን ማለቅ ጀመረ፣ አልዋሽሽም። ከለሩ አጥሮ ጥፍር አከለ። ካርታው እጥፋቱ ላይ ተቀደደ፣ ትርንጎ በስፌት ክሯ ሰፋችው። መጻሕፍቱ ዳር ዳራቸው ወዛ። አንድ ቀን ሉሏ ከጠረጴዛ ወደቀች፤ ዕቃ ጠባቂው ድምፁን ሰምቶ እየሮጠ ደረሰ። አንድ ጎኗ ጎድጉዷል። ልጆቹ ሁሉ ፊቱን ያያሉ። አነሣት፣ አቧራዋን በጋቢው ጠረገ፣ መልሶ ሰጣቸው። የዚያን ዕለት እህል አልበላለትም። አደራ በላ የምትለዋ ቃል ከጆሮው አልወጣ አለች።

ፋሲካ አለፈና አክስቲቱ መጣች። ዕቃ ጠባቂው፣ «ታነባለች፣ ልጄ፤ በዓይኔ አይቻለሁ» አላት።

«አባዬ፣ ልትለያት ስላልፈለግክ ነው» አለችው። «ደግሞ እኔ ራሴ የማላነበው በምን አውቃለሁ? ቃልህ ቃል ነው።» የልጅቷን ቀሚስና የስፌት ዕቃዋን በጨርቅ ጠቅልላ አሰረች።

በዚያው ዕለት ደግሞ ነጋዴው ራሱ መኪናውን እየነዳ መጣ። ከልጅነቱ ወዲህ መንደሩን አይቶት አያውቅም። አክስቲቱም ሲመለስ በመኪናው ይዟቸው እንዲሄድ ለምና እሺ አሰኝታዋለች። መንደርተኛው ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ። ትርንጎ ጥቅሏን አዝላ ከአክስቷ ጎን ቆመች።

ዕቃው ከሣጥኑ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተደረደረ። ነጋዴው የከለሩን ጉማጅ አየ፣ የተሰፋውን ካርታ አየ። ሉሏን አነሣ። ቀስ ብሎ አዞራትና አንድ ቦታ ላይ አቆማት። የአፍሪካ ቀንድ ላይ ቀለሙ ሙልጭ ብሎ ሄዷል። የሚታየው ነጭ ካርቶን ነው።

«አገራችን እዚህ ነበረች» አለ። «ማነው የፋቃት?»

ወደ ዕቃ ጠባቂው ዞረና፣ «ጋሼ፣ እኔ እርስዎን አምኜ አደራ ብዬ ነበር» አለው።

እነሆ፣ ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ የፈራት ቃል በሕዝብ ፊት መጣችበት። አንገቱን ደፋ።

«ሠርታ ነው» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሰው ሁሉ የማን እንደሆነ ፈለገ። ትርንጎ ነበረች።

«ሠርታ ነው ያለቀችው» አለች። «ሁላችንም መጀመሪያ የምንነካው እዚያ ነው። ከቤት ሳይነሡ የት ይኬዳል?»

ጥቅሏን እንዳዘለች ወደ ጠረጴዛው ሄደች። ዓይኗን ጨፈነች፣ ጣቷን ነጩ ቦታ ላይ አሳረፈች። «ከዚህ ተነሥተን በዓባይ እንወርዳለን» አለች። ጣቷ ወደ ላይ ሄደ። «ሱዳን። ግብፅ። ከዚያ ባሕር ነው። ባሕሩን ስንሻገር…» ጣቷ ጎድጓዳው ላይ ደረሰና ቆመ። «እዚህ ደግሞ ጥለናት የጎደጎደችበት ነው።»

ሰው ሳቀ። ነጋዴው ጣቷን ሲከተል ቆይቶ ነበር፤ አንድም ቦታ አልሳተችም። ባዶው ሣጥን ላይ ተቀመጠ። እሱም በዚያች ልጅ ዕድሜ ዓለም ከባሕር ዛፎቹ ወዲያ ታልቃለች ብሎ የሚያምን ልጅ ነበር። የራሱን ጣት ነጩ ቦታ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ፤ አደራዬን ጠብቀውልኛል» አለ።

አክስቲቱ ይህን ሁሉ አይታለች። ወደ ጠረጴዛው ቀረበችና ልጅቷን በሹክሹክታ፣ «እኔ የምሠራበት ከተማስ የቱ ጋ ነው?» አለቻት። ትርንጎ የአክስቷን ባለጠባሳ እጅ ያዘች፣ አንዲት ጣቷን ነጠለች፣ ነጩ ቦታ ላይ አሳረፈችው። «እሱም እዚሁ ነው» አለቻት።

«ያ ሁሉ ያለቀስኩበት መንገድ ከአንዲት ጣት ሥር ነው?» አለች አክስቲቱ። ጥቅሉን ከልጅቷ ጀርባ አወረደች። ቋጠሮውን ፈታች፣ የልጅቷን ቀሚስ አራግፋ ለአባቷ ሰጠችው። መኪናው ውስጥ ብቻዋን ገባች።

እንግዲህ ወይንእሸት ልጄ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ያ ሣጥን አሁን አንቺ ቢሮ የተቀመጠው ሣጥን ነው። ያ ዕቃ ጠባቂ አንቺ ነሽ፤ እንዳትከፊ፣ ክፉ ሰው አልነበረም ብዬሻለሁ። ላኪው አደራ ሲልሽ አደራ ያለሽ ካርቶኑንና ቀለሙን መሰለሽ። አደራ ያለሽ ልጆቹን ነው፤ ዕቃውማ አደራውን የምትጠብቂበት መሣሪያ ነው። የት እናስቀምጠው አልሽኝ? ጣታቸው ላይ አስቀምጪው። ከዚያ የሚሰርቀው ሌባ የለም። ማለቁን አትፍሪ። የሚያስፈራውስ፣ ከዓመት በኋላ እንግዳ መጥቶ ዕቃውን እንደ አዲስ ሲያገኘው ነው።

ቁልፉን ያዝልኝ ብለሽ እንደመጣሽ አውቄያለሁ፤ አልይዝልሽም። አንሺውና ሂጂ። ቤት ስትደርሺም መጀመሪያ ቡፌውን ክፈቺና ለእናትሽ በዚያ ብርጭቆ ውሃ ቅጂላት።